"ብናገርም ባልናገርም ያው ነው"፦ በሕፃናት ካንሰር ክፍል ነርስና ዶክተር እንዴት ተናበው ይሥሩ?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም ነበር። አንዲት እናት እጄን ያዝ አድርጋ "ሲስተር፣ ልጄ ዝም አለብኝ" አለችኝ። ሉኪሚያ፣ የደም ካንሰር፣ ያለበት የ6 ዓመት ልጅ ነው፤ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ከወሰደ ሳምንት አልፎታል፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድም እየወሰደ ነው። ትኩሳቱን ለካሁት፣ 37.7። ልቡ ግን ይሮጣል፣ እግሮቹ ቀዝቅዘዋል፣ ሌላ ቀን ገና ከበር ሲያየኝ "መርፌ አልፈልግም" ብሎ የሚጮኸው ልጅ ያን ሌሊት ዞር ብሎም አላየኝም። ተረኛው ሐኪም ጋ ሄድኩና "ዶክተር፣ ያ ጥግ ላይ ያለው ልጅ ጥሩ አልመሰለኝም" አልኩት። "ትኩሳት አለው?" አለኝ። "የለውም።" "እሺ፣ አየዋለሁ።" የሚደማ ሌላ ልጅ ይዞ ነበር፤ ሳያየው ነጋ። ጠዋት ልጁ ሾክ ውስጥ ገብቶ ወደ አይ ሲ ዩ፣ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ሮጥን። ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ለወራት ሥራ እገባ ነበር እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም።

ሐኪሙን አልወቅሰውም። ያየሁትን ሁሉ በሆዴ ይዤ ከአፌ የወጣው "ጥሩ አልመሰለኝም" ብቻ ነበር። ልቡ እንደሚሮጥ አልነገርኩትም። እናቱ ያለችውን አልነገርኩትም። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ልጅ ኢንፌክሽን ኖሮበት እንኳ ትኩሳቱ ላይወጣ እንደሚችል ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ግን ያን ሰዓት ሁለታችንንም እዚያ ነጥብ ላይ የሚያገናኘን ነገር አልነበረም። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ማገናኛ ነው።

ስለ ነርሶች ሞራል ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ደመወዝ ነው። ልክ ነው። የዱቲ ክፍያ ለወራት ሲዘገይ "በፍቅር ሥሩ" ብሎ መስበክ ነውር ነው፣ እኔም አልሰብክም። ግን አንድ ዓይነት ደመወዝ እያገኙ አንዷ በስድስት ወሯ ዝውውር ስትጠይቅ ሌላዋ ዓመታት ስትቆይ አይቻለሁ። የሚሄዱትን "ምን ሆናችሁ ነው?" ብዬ ስጠይቅ ደጋግሜ የሰማሁት መልስ "ብናገርም ባልናገርም ያው ነው" የሚል ነው። አልጋው ሥር 12 ሰዓት የምትቆመው ነርስ ያየችው ነገር የዶክተሩን ውሳኔ አንድ ቀን እንኳ ካልቀየረ ሰውነቷ ይመጣል፣ ዓይኗ ግን ማየት ያቆማል። በካንሰር ክፍል ደግሞ ያ ዓይን ሕይወት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 በፈረንጆቹ የጀመረው ዕቅድ በ2030 ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ቢያንስ 60 በመቶው እንዲተርፉ ይላል። ሀብታም አገሮች ከ80 በመቶ በላይ ያድናሉ፣ ብዙ ደሃ አገሮች ውስጥ ከ30 በመቶ አይዘልም። ልዩነቱ ሁሉ የመድኃኒት እጥረት ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ ተገኝቶ ኢንፌክሽን የሚነጥቀን፣ ቤተሰቡ ሕክምናውን አቋርጦ የሚሄድብን ልጅ ብዙ ነው፤ ሁለቱንም ደግሞ ቀድማ የምታየው ነርሷ ናት።

ስልክ ስትደውሉ

ከሁሉ በፊት ይህን ተለማመዱ። ሐኪም ስትጠሩ አራት ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ፦ አሁን ምን እያየሁ ነው፣ ልጁ ማን ነው፣ ምን ይመስለኛል፣ ምን እንድታደርግልኝ እፈልጋለሁ። በእንግሊዝኛ መነሻ ፊደሎቹ "ኤስባር" ይሉታል። መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው ይባላል፣ ወደ ሆስፒታል ያስገባው ደግሞ እዚያው አሜሪካ ያለው ካይዘር ፐርማነንቴ የተባለ የጤና ድርጅት ነው። ስሙ አያስጨንቃችሁ። ያን ሌሊት እንዲህ ብዬ ቢሆን ኖሮ እላለሁ፦

"ዶክተር፣ 5ኛ አልጋ ያለው ልጅ የልብ ምቱ 150 ነው፣ እግሩ ቀዝቅዟል፣ እናቱም ዝም አለብኝ እያለች ነው። የ6 ዓመት ልጅ ነው፣ ኤ ኤል ኤል፣ ኬሞ ከወሰደ 9ኛ ቀኑ፣ ትናንት ኒውትሮፊሉ 200 ነበር፣ ስቴሮይድ ላይ ስለሆነ ትኩሳቱ 37.7 መሆኑ አያጽናናኝም። ሴፕሲስ ነው ብዬ እፈራለሁ። አሁኑኑ መጥተህ እየው፤ እስክትመጣ ብለድ ከልቸር ልውሰድና አንቲባዮቲኩን ልጀምር?"

(ኤ ኤል ኤል የሉኪሚያ ዓይነት ነው፤ ኒውትሮፊል ኢንፌክሽን የሚዋጋ ነጭ የደም ሴል፤ ሴፕሲስ ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲጎዳ፤ ብለድ ከልቸር ደሙ ውስጥ ጀርም እንዳለ የሚያሳይ ምርመራ።) ይህ 30 ሰከንድ አይፈጅም። "አየዋለሁ" ብሎ ለማለፍ የማይመች አነጋገር ነው፣ ምክንያቱም መጨረሻው ላይ ጥያቄ አለ፤ አዎ ወይም አይ መባል አለበት። አይ ከተባላችሁም "እሺ፣ ሰዓቱንና መልስህን ቻርት ላይ እጽፋለሁ፣ በ30 ደቂቃ መልሼ እለካዋለሁ" በሉ። ይህን የምትሉት ለማስፈራራት አይደለም። በ30 ደቂቃ ውስጥ ነገሩ ሲቀየር ሁለታችሁም ከየት እንደምትነሱ እንድታውቁ ነው።

"ምን ይመስለኛል" የሚለው ክፍል ብዙዎቻችንን ያስፈራናል። ምርመራ የሐኪም ነው ተብለን ነው ያደግነው። እየመረመራችሁ አይደለም፣ ስጋታችሁን እየተናገራችሁ ነው። "እፈራለሁ" በሉ፣ በቂ ነው። እናት "ዝም አለብኝ" ስትል ደግሞ ቃሏን ሳትቀይሩ አስተላልፉ፤ ልጇን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ትኩሳት የወጣበት ልጅ ሰው አይጠብቅም

ኒውትሮፊሉ ከ500 በታች የሆነ ልጅ ትኩሳት ካወጣ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በ60 ደቂቃ ውስጥ ደም ሥሩ ውስጥ መግባት አለበት። ወደ ክፍላችሁ ስትመለሱ ቁጭ በሉና ያንን ሰዓት ማን እንደሚበላው ቁጠሩ። ካርድ ማውጣት፣ ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ እየተማረ የሚሠራ ሐኪም) መፈለግ፣ ኦርደር እስኪጻፍ መጠበቅ፣ አባት መድኃኒት ሊገዛ ከግቢ ውጭ መውጣቱ፣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) አልገባ ማለቱ። በእኛ ሁኔታ ሦስት ሰዓት ማለፍ ቀላል ነው።

መፍትሔው ቀድሞ መስማማት ነው። ከሲኒየሩ ሐኪም ጋር አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ፦ ስንት ዲግሪ ሲደርስ፣ የትኛው አንቲባዮቲክ፣ በኪሎ ስንት፣ ሐኪሙ ሳይደርስ ነርሷ የመጀመሪያውን ዶዝ ትስጥ ወይስ አትስጥ። ሲኒየሩ ይፈርምበት፣ ሆስፒታሉ ይወቀው፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የመጀመሪያው ዶዝ መድኃኒትና የከልቸር ጠርሙስ ደግሞ ዋርዱ ውስጥ በአንድ ሳጥን ይቀመጥ። እዚያው ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ጨምሩ፦ ሐኪም ሳያየው ፓራሲታሞል ሰጥቶ ትኩሳቱን መደበቅ የለም፣ በፊንጢጣ ሙቀት መለካትም መድኃኒት መስጠትም የለም።

ይህ ወረቀት የልጁን ዕድሜ ብቻ አይደለም የሚያስረዝመው። በነርሷ እጅ ላይ የተጻፈ እምነት ነው። "አንቺ ጀምሪ፣ እኔ እደርሳለሁ" የተባለች ነርስ ሥራ ላይ የምትቆምበት አቋቋም ራሱ ይለወጣል፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ጓቴማላ ውስጥ ብሔራዊ የሕፃናት ካንሰር ሆስፒታል አለ፣ በስፓኒሽ ምህጻሩ "ኡኖፕ" ይባላል። በፈረንጆቹ 2014 ነርሶቹ በየተወሰነ ሰዓቱ የልጁን አተነፋፈስ፣ የልብ ሁኔታና ንቃት በነጥብ እየሞሉ፣ ነጥቡ ከፍ ሲል ሐኪም የሚጠሩበት አሠራር ጀመሩ። የቤተሰብ ስጋትም የራሱ ነጥብ አለው። በድንገት የሚወድቁ ልጆች ቀነሱ። እኔን የሳበኝ ግን ሌላው ነው፦ ነርሶቹ ያ ቁጥር ለመናገር ብርታት እንደሰጣቸው፣ ሐኪሞቹም ጥሪውን በቁም ነገር መስማት እንደጀመሩ ተናግረዋል። "ጥሩ አልመሰለኝም" የሚለው ስሜት ቁጥር አገኘ። ማሽን አያስፈልገውም። ወረቀት፣ ሰዓት፣ እስክሪብቶ ነው።

"ዶክተር፣ ቆይ"

ቪንክሪስቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ወደ ደም ሥር ብቻ ነው የሚሰጠው። በስህተት ወደ አከርካሪ ከገባ ልጁን ይገድላል። ይህ ስህተት ሀብታም አገሮች ውስጥም ተደጋግሞ ሆኗል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2007 ቪንክሪስቲን በሲሪንጅ ሳይሆን በትንሽ የግሉኮስ ወይም የሳላይን ከረጢት ተበርዞ ይዘጋጅ ያለው ለዚህ ነው፤ ከረጢት ይዞ አከርካሪ ለመውጋት የሚነሳ ሰው የለማ። ሌላው የኬሞ መድኃኒት፣ ሜቶትሬክሴት፣ ወደ አከርካሪ በሚሰጥበት ቀን ቪንክሪስቲኑ ወደዚያ ክፍል ጨርሶ አይግባ። ሌላ ሰዓት፣ ሌላ ክፍል።

ግን ደንቡ ያለ ሰው አይሠራም። ኬሞ ከመሰጠቱ በፊት ሁለት ሰው አንድ ላይ ይቆም፦ የልጁ ስም ከእናቱ አፍ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ዶዙ፣ የሚሰጥበት መንገድ፣ ቀኑ፣ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ከሁለቱ አንዱ ቢቻል ዶክተሩ ራሱ ይሁን። የቪንክሪስቲን ዶዝ ብዙ ጊዜ በሰውነት ስፋት ተሰልቶ በካሬ ሜትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ በአንድ ጊዜ ከ2 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይገደባል። ከ2 በላይ የተጻፈ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡና "ዶክተር፣ ቆይ" በሉ። ክብደቱም የዛሬ ይሁን። ባለፈው ወር 18 ኪሎ የነበረ ልጅ ዛሬ 15 ሊሆን ይችላል፣ ይህን ደግሞ ሚዛን ላይ ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ እንጂ ኦርደሩን የጻፈው ሰው አላየም።

ለዶክተሮች አንድ ቃል። ነርስ ስታስቆማችሁ፣ ተሳስታ ቢሆን እንኳ፣ ሰው ፊት "አመሰግናለሁ ሲስተር፣ እንደገና እንየው" በሉ። አንድ ጊዜ "ሥራሽን ሥሪ" ያላችኋት ነርስ በሚቀጥለው ጊዜ አታስቆማችሁም። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ልክ የነበረችው እሷ ልትሆን ትችላለች።

ራውንድ ላይ ነርሷ የት ናት?

ሐኪሞቹ አልጋ በአልጋ እየዞሩ ልጆቹን ሲያዩ እሷ አብዛኛውን ጊዜ ካኑላ እየፈለገች ነው፣ ወይ ደም ባንክ ሄዳለች። ራውንዱ ያልቃል፣ እሷ ውሳኔውን ከቻርት ታነባለች። ዓለም አቀፉ የሕፃናት ካንሰር ሐኪሞችና ነርሶች ማኅበር፣ ሲዮፕ የሚባለው፣ ለእንደኛ ዓይነት አገሮች ባወጣው የነርሲንግ መነሻ መስፈርት ነርስ የቡድኑ ዋና አባል ናት ይላል፣ ራውንድ ላይም ከቤተሰብ ጋር በሚደረግ ንግግር ላይም። ዋርድ ላይ ለአንድ ነርስ አምስት ልጅ፣ የሠለጠነች ነርስም ወደ ሌላ ክፍል አትዛወር ይላል። አምስት ልጅ የሚለውን ስታነቡ ምን እንደሚሰማችሁ አውቃለሁ። ቁጥሩን ዛሬ ማምጣት ላንችል እንችላለን፤ ዝውውሩን ማስቆም ግን ብር አይጠይቅም። በስድስት ወር ኬሞ መስጠት የለመደችውን ነርስ ወደ ማዋለጃ ክፍል ልኮ አዲስ ማምጣት ልጆቹንም ሐኪሞቹንም ይጎዳል። ይህን ለማትሮኗ፣ ለነርሶቹ ኃላፊ፣ ሲኒየር ሐኪሞቹ ቢነግሩልን ኖሮ ከኛ ይልቅ ይሰማ ነበር።

ራውንዱን በተመለከተ ቀላል ነገር ልንገራችሁ። እያንዳንዱ አልጋ ጋ የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ ነርሷ ትናገር። ሌሊቱን እንዴት አደረ፣ አመመው ወይ፣ በላ ወይ፣ ሽንቱ ስንት ነው፣ እናቱ ምን ያስጨንቃታል። ዶክተሩ "ችግር አለ?" ብሎ አይጠይቅ። መልሱ ሁልጊዜ "የለም" ነው። "ሲስተር፣ እስኪ ሌሊቱን ንገሪኝ" ቢል ግን ወሬው ይመጣል።

ለምን እንደሆነም አስረዷት። "ሽንት ለኪ" የሚል ኦርደር ብቻውን ድካም ነው። በርኪት ሊምፎማ የሚባለው በፍጥነት የሚያድግ ካንሰር ያለበት ልጅ ኬሞ ሲጀምር ሴሎቹ ይፈርሳሉ፣ ፖታሺየምና ዩሪክ አሲድ ደሙ ውስጥ ይሞላል፣ ኩላሊቱን ይዘጋዋል፣ ሽንቱ ሲቀንስ ከላቦራቶሪው በፊት የምታየው አንቺ ነሽ ብትባል ግን ያቺ ነርስ ሌሊቱን ጠርሙሱ ሥር ታድራለች። ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ዶክተሩ ለቤተሰቡ በሽታውን ሲነግር ነርሷ እዚያ ትቀመጥ። ዶክተሩ እንደወጣ እናቲቱ ዞር ብላ "ሲስተር፣ ምን ነበር ያለኝ?" ነው የምትለው። ምን እንደተባለ ካላወቃችሁ ሌላ ነገር ትናገራላችሁ፣ ሁለት የተለያየ ነገር የሰማ ቤተሰብ ደግሞ ማንንም አያምንም። እናትየው አማርኛ የማትሰማ ከሆነች፣ ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ የምትችለው ነርስ እየሮጠች መጥታ ከመሀል የምትተረጉም ሳትሆን ከመጀመሪያው የተቀመጠች ትሁን።

ሊሄዱ ሲሉ ታውቃላችሁ

ሕክምናውን አቋርጦ የሚሄድ ቤተሰብ ለዶክተሩ አይናገርም። ለናንተ ግን ይናገራል፣ በጎን። "ለበዓል ወርደን እንመለስ።" "ቤት የቀሩት ልጆች ማን አላቸው።" "ጠበል ብንወስደውስ?" አዝመራው ደርሷል፣ ብሩ አልቋል፣ ልጁም ደህና መስሎ ጸጉሩ መብቀል ጀምሯል። ይህን የሰማችሁ ቀን፣ በዚያው ቀን፣ ለዶክተሩ ንገሩት። ጠበሉን አትቃወሙ፣ አትሳቁም። ጠበሉም ኬሞውም አብረው እንዲሄዱ፣ የሚመለሱበት ቀን ከበዓሉ ጋር ተያይዞ እንዲቆረጥ ከዶክተሩ ጋር ሆናችሁ አስተካክሉ። ብሩና ማደሪያው ከሆነ ችግሩ፣ ጥቁር አንበሳ ላላችሁ ካንሰር የታመሙ ልጆች ወላጆች ያቋቋሙት ተስፋ አዲስ ማረፊያና ምግብ ይሰጣል፤ የ4 ዓመት ልጃቸውን በሉኪሚያ ያጡ ወላጆች በስሙ ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም አለ። ጅማ፣ ጎንደር፣ መቀሌ ያላችሁ በየከተማችሁ ማን ማደሪያ እንደሚሰጥ ስልኩን ዋርዱ ላይ ጻፉት። አንዲት እናት በናንተ ንግግር ተመልሳ ስትመጣ ዶክተሩም ይወቀው።

ስንጣላ

እንጣላለን። እናት ፊት የጮኸባችሁን ሐኪም እናት ፊት አትመልሱለት፤ ልጇን አምና የሰጠችው ለሁለታችሁም ነው። ከሰዓት በኋላ ብቻውን አግኙትና "ዶክተር፣ ጠዋት እናቲቱ ፊት የተናገርከኝ አስከፍቶኛል፤ የተሳሳትኩት ካለ ለብቻዬ ንገረኝ፣ እሰማለሁ" በሉት። ብዙዎቹ ይደነግጣሉ፣ ይቅርታ ይላሉ። የልጁ ደህንነት የተነካ ከሆነ ግን ሲኒየሩ ጋ ሂዱ፣ ከመሄዳችሁ በፊት "ሲኒየሩን ልጠይቅ ነው" ብላችሁ ለራሱ ንገሩት። ከጀርባ የሄደ ነገር ዋርዱን ለወራት ይመርዘዋል።

ዶክተሮች ደግሞ ነርሶቹ ስለራሳቸው አካል የሚፈሩትን አትናቁ። ያለ ጋውን፣ በአንድ ጓንት፣ አየር በሌለው ክፍል ኬሞ የምትበርዝ ነርስ ነገ መውለድ ትፈልጋለች። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ነርስ ከመበረዙ ትውጣ። ጓንት ሲያልቅ አብራችሁ ጩኹ።

የሞተ ዕለት፣ የዳነ ዕለት

ልጅ ሲሞት እናቱን "እግዚአብሔር ያጽናሽ" እንላታለን። ነርሷን የሚላት የለም፤ ዓይኗን አብሳ ወደሚቀጥለው አልጋ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሲኒየር ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ "ሲስተር፣ አንቺንም ያጽናሽ፣ ብዙ ለፍተሻል" አለኝ። ይኸው እስካሁን አልረሳሁትም። ከሞት በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ አሥር ደቂቃ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ሐኪሙም ነርሷም የጽዳት ሠራተኛዋም፣ እሷም ልጁን ታውቀዋለችና። ማን አጠፋ አይባል። ምን ደህና አደረግን፣ ሕመሙን በሞርፊን በደንብ ይዘንለት ነበር ወይ፣ ምንስ ቀድመን ብናይ ኖሮ።

ሌላው ደግሞ ማንም የማያስበው ነው። ዋርድ ላይ የምንሠራ ነርሶች የምናየው የታመሙትን ብቻ ነው። የዳኑት ክትትል ክሊኒክ ይመጣሉ፣ ዶክተሩ ያያቸዋል፣ ይሄዳሉ። እኛ ስንቱ እንደዳነ ሳናውቅ ስንቱ እንደሞተ ብቻ ቆጥረን እንኖራለን። እባካችሁ ዶክተሮች፣ ሕክምናውን የጨረሰ ልጅ ለቀጠሮ ሲመጣ "ሂድና ሲስተሮቹን ሰላም በላቸው" ብላችሁ ወደ ላይ ላኩልን። ያ የ5ኛ አልጋው ልጅ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሶ በሩ ላይ ሲቆም አላወቅኩትም ነበር። ጸጉሩ በቅሎ፣ ወፍሮ። "መርፌ አልፈልግም" ሲል ነው ያወቅኩት።

ከየት ልጀምር ካላችሁ

የክፍል ኃላፊዋ ባትስማማ፣ ሲኒየሩ ጊዜ ባይኖረው፣ አንድ ፈቃደኛ ሬዚደንት ፈልጉና የትኩሳቷን ወረቀት ብቻ ለአንድ ወር ሞክሩ። ትኩሳቱ የታየበትንና አንቲባዮቲኩ የገባበትን ሰዓት በደብተር ጻፉ። ሌላውን ለጊዜው ተዉት። ሬዚደንቱ ወሩ ሲያልቅ ይቀየራል፣ እናንተ ትቀራላችሁ፤ ስለዚህ አዲሱ በመጣበት ጠዋት፣ ሥራው ሳይበዛበት፣ ሻይ ጋብዙት፣ ደብተሩን አሳዩት፣ ሳጥኑ የት እንደሚቀመጥ አሳዩት፣ ስልክ ቁጥሩን ወስዳችሁ የነርሶች ጠረጴዛ ላይ ለጥፉት፣ "ሌሊት ከደወልኩልህ ልጅ ሊሞት ነው ብዬ ፈርቼ ነው" በሉት።